ከትምህርት ቤት እስከ ቤት 11 ሱቅ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የደረሰን የሁለት ልጆች እናት ከሆኑ አንባቢ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል፤ ቃሉ ግን የራሳቸው ነው።

«ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በእግሩ 12 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ሰሞኑን ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ልቀበለው ሄጄ በመንገዱ ላይ የሚበላና የሚጠጣ የሚሸጡትን ቦታዎች ቆጠርኩ፤ 11 ናቸው። ፍራፍሬ ያየሁት በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከመንገዱ ማዶ። በቀሩት ያለው ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ቺፕስና ጣፋጭ መጠጥ ነው። ልጁ ቤት ሲደርስ እራት አይቀምስም። ሐኪም ክብደቱ ለቁመቱና ለዕድሜው እንደበዛ ነግሮናል። የ6 ዓመቷ እህቱም ሁለት ጥርሷ ተቦርቡሯል። የኪስ ገንዘብ ብከለክለው ከጓደኞቹ መበደር ጀመረ። ባለቤቴ ትልቅ ሱፐርማርኬት ወዳለበት ሰፈር እንዛወር ይላል። አማቴ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ሥራ ስለምውል። (እውነቱን ለመናገር፣ አምሽቼ በምመለስበት ቀን ጣፋጭ መጠጥ ገዝቼ የምገባው እኔው ነኝ።) ቤት እንቀይር? ልጄን ላጥብቅበት? ከየት ልጀምር?»

ውድ እህቴ፣

ስለ ልጆች አመጋገብ ብዙ ደብዳቤ ይደርሰኛል። አብዛኛው «ልጄ አስቸገረኝ» ብሎ ይጀምርና «ምን ዓይነት ቫይታሚን ልስጠው?» ብሎ ይጨርሳል። ልጁ በየቀኑ የሚያልፍበትን መንገድ በእግሩ ሄዶ የቆጠረ ወላጅ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት። ሳያውቁት ተመራማሪዎች የሚሠሩትን ሥራ ሠርተዋል። እነሱም ካርታና የርቀት መለኪያ ይዘው በየሰፈሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ምን ይሸጣል፣ ከልጁ ምን ያህል ይርቃል፣ ከፊት የተደረደረው የትኛው ነው ብለው ይመዘግባሉ።

ቤት ስለ መቀየር መልሴ አጭር ነው፤ ለዚህ ብላችሁ አትቀይሩ። ምክንያቱ ግን ስለሚረዝም ትንሽ ይታገሡኝ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደዚያው) ስኮትላንድ ውስጥ «የምግብ በረሃ» የሚል አነጋገር ተፈጠረ። ትኩስና ጤናማ ምግብ የሚሸጥበት ቦታ ከነዋሪው የራቀበትን ሰፈር ለመግለጽ ነበር። አነጋገሩ በቶሎ ባሕር ተሻገረ፤ ፖለቲከኞችም ወደዱት፤ ምክንያቱም መፍትሔውን በጉያው የያዘ ይመስላል። ሱፐርማርኬት ይከፈት፣ ሕዝቡም አትክልት ይበላል። አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ብዙ ገንዘብ ወጣ። በ2019 የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የብዙ ሺህ ቤተሰቦችን የግዢ መዝገብ ገልጠው ሲያዩ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ሱፐርማርኬት የተከፈተላቸው ሰዎች ከሩቁ ሱፐርማርኬት ወደ ቅርቡ ተዛወሩ እንጂ ዘምቢላቸው ውስጥ የሚገባው ነገር እምብዛም አልተለወጠም። በሀብታሙና በድሃው ቤተሰብ መካከል ካለው የአመጋገብ ጥራት ልዩነት ውስጥ በአቅርቦት የተነሣ ነው ሊሉ የቻሉት 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። እንግዲህ ባለቤትዎ ወደሚሉት ሰፈር ብትገቡ፣ የምትገዙት እዚህ የምትገዙትን ነው፤ ዕቃ የምትሸከሙበት መንገድ ብቻ ያጥርላችኋል።

ደግሞስ የእርስዎ ሰፈር በረሃ ነው? በ12 ደቂቃ መንገድ 11 ሱቅ ያለበት በረሃ አላውቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰፈር በኋላ ሌላ ስም ወጥቶለታል፤ «የምግብ ረግረግ» ይሉታል። የሚበላ ጠፍቶ ሳይሆን የማይረባው ሞልቶ፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ደረቅ ቦታ የሚያጣበት ሰፈር ማለት ነው። ረግረግ መሐል አንድ ጥሩ ሱቅ ቢጨመር ረግረጉ አይደርቅም።

ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው በካሊፎርኒያ ተሠርቶ በ2010 የወጣ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ክብደትና ትምህርት ቤቶቹ ከፈጣን ምግብ ቤቶች ያላቸውን ርቀት አስተያዩ። ምግብ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በ160 ሜትር ገደማ ውስጥ ሲሆን ከልክ በላይ የወፈሩት ተማሪዎች ብዛት ቢያንስ በ5.2 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ምግብ ቤቱ 400 ሜትር ያህል ሲርቅ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በሁለቱ መካከል ያለው የሦስት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው! ለእርስዎና ለእኔ ሦስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ጓደኞቹ ወደ ግራ ሲታጠፉ አብሮ ለሚታጠፍ፣ ሆዱ ለሚጮህ፣ ቦርሳው ለከበደው ልጅ ግን ሦስት ደቂቃ ሌላ አገር ነው። እርግጥ እነዚያ ተማሪዎች ከልጅዎ በ5 ዓመት ያህል ይበልጣሉ፤ የተለካውም የፈጣን ምግብ ቤት እንጂ የትንንሽ ሱቅ ርቀት አልነበረም። ስለዚህ መቶኛውን ይተዉትና ርቀቱን ያስቡልኝ። ልጅን የሚመግበው ሰፈሩ በጅምላ ሳይሆን ርቦት የሚያልፍባት ቁራጭ መንገድ ነች። ቤታችሁ ተቀይሮ ትምህርት ቤቱ ካልተቀየረ ያቺ መንገድ አልተነካችም፤ ትምህርት ቤቱም ቢቀየር የአዲሱን በር ማየታችሁ አይቀርም።

ባለቤትዎን እንዳልበድላቸው አንድ ነገር ልጨምር። ከ1994 እስከ 1998 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ድህነት ከጸናባቸው ሰፈሮች ወደተሻሉት መዛወር የሚያስችል የቤት ድጎማ በዕጣ ተሰጥቶ ነበር። ከ10 እስከ 15 ዓመት በኋላ ዕድሉ የደረሳቸው ሴቶች ሲመረመሩ ከባድ ውፍረትና የስኳር በሽታ ካልደረሳቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ሰፈር ጤናን ይነካል ማለት ነው። ከምግቡ ይሁን፣ ከጸጥታው፣ ወይስ ጭንቀት ከመቅለሉ፣ ጥናቱ ለይቶ አልነገረንም። ሰፈራችሁ የሚያስፈራ ከሆነ፣ ልጆች ውጭ መጫወት የማይችሉበት ከሆነ፣ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። ለሱፐርማርኬት ብላችሁ ግን ዕቃ አትጫኑ።

ወደ 12 ደቂቃው እንመለስ።

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ስግብግብ ሆኖ አይደለም፤ ርቦት ነው። ምሳ ከበላ ሰዓታት አልፈዋል፤ የልጅ ሆድ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትሞላለች፣ ቶሎም ትጎድላለች። ጣፋጭ መውደዱንም ማንም አላስተማረውም፤ ከማሕፀን ይዞት የመጣው ነው፤ የእናት ጡት ወተት ራሱ ጣፋጭ ነው። ሱቁ ይህን ሁሉ ያውቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያልፉ ቁጭ ብለው በልጅዎ ዓይን ልክ መደርደሪያውን ይመልከቱት። ለእርስዎ የታሰበው ዕቃ ከላይ ነው፤ ለእሱ የታሰበው አፍንጫው ሥር ነው። በብዙ አገሮች ማቀዝቀዣውን ለባለሱቁ የሚሰጠው የመጠጥ ኩባንያው ራሱ ነው፤ ከፊት ምን እንደሚቆምበትም አብሮ ይወሰናል። የ9 ዓመት ልጅ በባዶ ሆዱ የሚሟገተው ከዚህ ሁሉ ዝግጅት ጋር ነው፤ እኛ ደግሞ «ራስህን ግዛ» እንለዋለን።

መጠኑንም በቁጥር እንየው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ የኮላ መጠጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከ7 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ24 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር እንዳይወስድ ይመክራል፤ የማርና የጭማቂ ስኳርም ከዚሁ ይቆጠራል። አንዱ ጣሳ የዛሬውን ጨርሶ የነገውን ግማሽ ሊነካ ምንም አይቀረውም። ለክፋቱ ደግሞ ፈሳሽ ስኳር ብዙም አያጠግብም፤ ስለዚህ ብስኩቱና ቺፕሱ ይከተላሉ። እራት የሚዘጉት እነሱ ናቸው።

«ታዲያ የቤት ምግቤን ለምን ይንቀዋል?» ማለትዎ አይቀርም። አልናቀውም፤ ተቀድመዋል። በፋብሪካ ብዙ ሂደት ያለፈ ምግብ የመቅደም ጠባይ አለው። በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በተሠራ ሙከራ 20 ጎልማሶች ለሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። በሁለቱም ጊዜ እስኪጠግቡ እንዲበሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ የቀረበው ስኳር፣ ስብና ጨውም ተቀራራቢ ነበር። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ ይበሉ የነበረውም በፍጥነት ነው። እነዚህ አዋቂዎች ናቸው፤ እየተመዘኑ መሆኑንም ያውቁ ነበር። ከእነሱ ያልተጠበቀውን ጥበብ ከሦስተኛ ክፍል ልጅ አንጠብቅ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት በር ሲወጣ ሆዱ ባዶ አይሁን። ለምሳ ከሚይዘው ሌላ፣ «የመውጫ» የምትባል አንዲት ትንሽ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ትኑር፤ ደወል ሲደወል እዚያው በሩ ላይ ይክፈታት። የመጀመሪያው ሱቅ ሳይደርስ ማለቴ ነው፤ ቤት ደርሶ ቢበላው ጥቅም የለውም፤ 11 ሱቅ አልፏልና። መክሰስ ስልዎት ቁንጽል ነገር አይምሰልዎ፤ የእራት ግማሽ ያህል ይሁን። እንቁላል በዳቦ፣ ወይም የተቀቀለ ጥራጥሬ፣ ከአንድ ፍሬና ከአንድ ጠርሙስ ውኃ ጋር በቂ ነው። ያምራል አያምርም አይጨነቁ። ሆዱ ሲይዝለት ሱቁ ተመልካች እንጂ አዳኝ አይሆንም።

ከዚያ እራቱ ያንሳል። ይነስ። እዚህ ላይ አብዛኞቻችን እንሸነፋለን፤ ሳህኑ ሙሉ ካልሆነ፣ ሙሉው ካላለቀ፣ ልጁ የሚሞት ይመስለናል። ኤሊን ሳተር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ለወላጅና ለልጅ የሥራ ክፍፍል አውጥተዋል። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን የሚወስነው ልጅ ነው። ከዚህ የተሻለ ደንብ አላገኘሁም። የመጀመሪያው ግማሽ ጉልበት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ለወላጅ ጾም ያህል ይከብዳል። «አንዲት ጉርሻ ብቻ» ማለት እኔም አልተውኩም፤ እርስዎም እንዲሉ ለመምከር ግን አፌ አይደፍርም። አዲስ ምግብ ከሆነ ደግሞ ልጅ እስኪለምደው 10 ጊዜና ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። በሦስተኛው ቀን «አይወደውም» ብለው ፋይሉን አይዝጉት።

የኪስ ገንዘቡን ነገር ሳነብ እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። ያሰቡት ገብቶኛል፤ ገንዘብ ከሌለ ግዢ የለም። በ1999 ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች ያወጡት አንድ ሙከራ አለ። ለትንንሽ ልጆች ሁለት የሚመሳሰሉ ምግቦች ቀርበው አንደኛው ብቻ ተከለከለ። ልጆቹ ስለተከለከለው አብዝተው ያወሩ፣ ይለምኑ፣ ሊያገኙትም ይጣጣሩ ጀመር። ምግቡ አልጣፈጠም፤ ክልከላው አጣፈጠው። በልጅዎ ላይ ደግሞ ዕዳ ተጨመረበት፤ ይህ ከስኳሩ ይልቅ ያሳስበኛል። በ9 ዓመቱ ከእናቱ የሚደበቅ ሒሳብ ያለው ልጅ፣ በ14 ዓመቱ የሚደብቀው ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሌላ ምንም ሳይጀምሩ፣ የተበደረውን ጠይቀው ይክፈሉለት። ቁጣም ስብከትም አይጨምሩበት። ከዚያ ገንዘቡን ይመልሱለት፤ ግን ቀን ያለው ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን እሱ ይመርጣል፣ የሚገዛውንም እሱ ይመርጣል፤ እርስዎም አፍዎን አይከፍቱም። የቀሩት ቀናት የ«መውጫዋ» ናቸው። እህቱም በዚያው ቀን ድርሻዋን ታግኝ፤ አለዚያ ሌላ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ነው።

በቅንፍ ያስገቡትን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥ የወደድኩት እሱን ነው። እኔም ልጄን ክትባት አስወግቼ በምመለስበት ቀን ሁሉ ጣፋጭ እገዛለት ነበር፤ ልቅሶው ቶሎ ያቆማል። ከዓመታት በኋላ ጉልበቱ ተልጦ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ፋሻ ሳይሆን ከረሜላ ነበር። ያኔ ነው ያስተማርኩት ምን እንደሆነ የገባኝ። እርስዎ ሲያመሹ የሚገዙት መጠጥ ይቅርታ መጠየቂያ ነው። ልጆቹ ግን የሚፈልጉት ካሣ አይደለም፤ በሩ ሲከፈት የሚያቅፋቸውን ሰው ነው። በባዶ እጅዎ ይግቡ። የመጀመሪያው ሳምንት ያስከፋል፤ በሦስተኛው ይረሳል።

አማትዎን በተመለከተ ቁጥር ልስጥዎት፤ ቢፈልጉ ይንገሯቸው፣ ባይፈልጉ ለራስዎ ይያዙት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆችና ወጣቶች ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር። በ2025 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) በዚህ ዕድሜ ከልክ በላይ የወፈሩት 9.4 በመቶ፣ ከክብደት በታች የሆኑት 9.2 በመቶ መሆናቸውን አስታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ ሲበልጡ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ይህን ያህል ሰነፍ እናት በአንድ ትውልድ ከየት መጣ? እናቶች አልተለወጡም፤ መንገዱ ተለወጠ። አማትዎ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ 11 ሱቅ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ የእርሳቸውም ልጅ ይገባ ነበር። (ይህን የመጨረሻውን ባለቤትዎ ቢናገሩት ይሻላል፤ ከምራት ሲሰማ ይመራል።)

መንገዱን የመለወጥ አቅም ያላቸው መንግሥታት ሲነሡ ውጤት ይታያል። ቺሌ ከሰኔ 2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው፣ የማይበጀው ስብ ወይም ካሎሪ በበዛባቸው ምግቦች ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲታተም አዘዘች፤ ምልክቱ ያለበት ነገር በትምህርት ቤት እንዳይሸጥ፣ ለልጆችም እንዳይተዋወቅ ከለከለች። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ውስጥ ምልክቱ ያረፈባቸው መጠጦች ግዢ በ24 በመቶ ያህል ቀነሰ። እንግሊዝ በ2018 በስኳራማ መጠጦች ላይ ግብር ስትጥል ፋብሪካዎቹ ግብሩን ለመሸሽ ሲሉ ስኳሩን ቀነሱ። በኋላ በተሠራ ጥናት ከ10 እስከ 11 ዓመት ባሉ ሴት ልጆች ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት ግብሩ ባይኖር ይደርስበት ከነበረው በ8 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ፤ በወንዶቹ ላይ ለውጥ አልታየም። ሁሉም ክልከላ ይሠራል ማለትም አይደለም። ሎስ አንጀለስ በ2008 በደቡባዊ ክፍሏ አዳዲስ ፈጣን ምግብ ቤቶች እንዳይከፈቱ ከለከለች፤ የነበሩት ግን አልተነኩም። ከዓመታት በኋላ ሲለካ ውፍረቱ እዚያም መጨመሩን ቀጥሎ ነበር።

እርስዎ መንግሥት አይደሉም። ባለሱቅ ግን ያውቃሉ፤ ባለሱቅም እርስዎን ያውቃል። ከ11ዱ ውስጥ ለትምህርት ቤቱ በር የሚቀርበውን አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ሁሉንም ላስተካክል ካሉ አንዱም አይስተካከልም። ብቻዎን አይሂዱ፤ ከዚያው ትምህርት ቤት አራት አምስት ወላጆች ይያዙ። «ልጆቻችንን እየመረዝክ ነው» ብለው እንዳይጀምሩ! ሰውየው የሚሸጠው የሚገዛውን ነው፤ የሱም ልጆች ይኖራሉ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ ልጆች በሚወጡበት ሰዓት ውኃው በማቀዝቀዣው ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ እንዲሆን፣ ፍራፍሬ ደግሞ ገንዘብ በሚቀበልበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ በፍሬ ተቆጥሮ እንዲሸጥ። በፍሬ መሸጡ ዋና ነገር ነው፤ ልጅ በኪሎ አይገዛም። በምላሹ እናንተ በየቀኑ የተወሰነ ፍሬ እንደምትገዙ ቃል ስጡት፤ ፍራፍሬ ከተበላሸበት በሁለተኛው ሳምንት ወደ ከረሜላው ይመለሳል፤ አይፈረድበትም። ትምህርት ቤቱንም ስለ ግቢው ሱቅ ይጠይቁ። የመንገዱን ሲቆጥሩ የግቢውን እንዳልቆጠሩ ጠርጥሬያለሁ።

ባለቤትዎ ደግሞ የቤት ፍለጋውን ጉልበት ወደዚህ ያዙሩት። በሳምንት ሁለት ቀን ልጁን ከትምህርት ቤት ይቀበሉት፤ ከተቻለ በሌላ መንገድ። አንዳንዴ በጀርባ ያለው መንገድ በአምስት ደቂቃ ይረዝማል፣ ሱቁ ግን ሦስት ብቻ ይሆናል። ረዘም ያለው መንገድ ለልጁ የእግር ጉዞም ነው።

ስለ ክብደቱ ብዙ አልልም፤ ሐኪም አላችሁ። ግን ሐኪሙን የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች በተዘጋጀው የዕድገት ሰንጠረዥ ላይ መስመሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አንድ ነጥብ ብዙ አይናገርም፤ መስመሩ ወዴት እንደሚያመራ ነው የሚታየው። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ብዙ ጊዜ ዓላማው ማክሳት አይደለም፤ ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። ስለዚህ ምግብ መቀነስ፣ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ማቆም፣ በቤተሰብ ፊት ስለ ሆዱ ማውራት ይቅር። በቤት ውስጥ በቅጽል ስም የሚጠራው ካለ፣ በፍቅርም ቢሆን፣ ዛሬ ያቁም። እንቅልፉንም ይዩለት፤ በዚህ ዕድሜ ርዝመቱ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት የሚደርስ እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግሥቱ የሚያምረው ጣፋጭ ነው።

የቀረችው ትንሿ ናት፤ በደብዳቤዎ አንድ መስመር ብቻ ሰጥተዋታል፤ እኔ ግን ከወንድሟ ይልቅ የእሷ ያስቸኩለኛል። ጥርስን ከስኳሩ ብዛት ይልቅ መመላለሱ ይጎዳዋል። ጣፋጭ በተቀመሰ ቁጥር አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ጥርሱን ያጠቃል። አንድ ጠርሙስ መጠጥ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እየተጎነጨች ካሳለፈች፣ ጥርሷ ሲታጠብ ዋለ ማለት ነው፤ በአሲድ። ጣፋጭ በሚሰጥበት ቀን ከምግብ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ይለቅ። ማታና ጠዋት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እርስዎ ወይም አባቷ ይቦርሹላት፤ የ6 ዓመት ልጅ እጅ የኋላውን አይደርስበትም። አረፋውን ትትፋ እንጂ በውኃ አትጉመጥመጥ።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» የሚልዎ ሰው ካለ አይስሙት። የወተት ጥርስ ለቋሚው ቦታ ጠብቆ የሚያቆይ ነው፤ ከነሕመሙ ዓመታት ይቆያል። ከዚያም በላይ፣ በ6 ዓመት ገደማ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋ ጥርሶች ከወተቶቹ ሁሉ ኋላ ይወጣሉ። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚበቅሉ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስሉታል፤ ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉት ግን እነሱ ናቸው። ዛሬ ማታ ከመተኛቷ በፊት አፏን አስከፍተው በባትሪ ይመልከቱ። በጥግ በኩል ገጹ ጎርባጣ የሆነ አዲስ ሰፊ ጥርስ ካዩ፣ የተቦረቦሩትን ሁለቱን ሊያሳክሙ ሲሄዱ የጥርስ ሐኪሙን በእሱ ላይ መከላከያ ሽፋን ሊቀባላት ይችል እንደሆነ ይጠይቁት።